የሂቢስከሱ እምቡጥ ሳይፈካ ለምን ይረግፋል?

ጥያቄ፦ ጓሮዬ ውስጥ አንድ ሂቢስከስ አለኝ። በብርዱ ወራት እስከ መሬት ደርቆ ነበር፤ ሞቅ ሲል ከሥሩ አቆጥቁጦ አሁን ከወገቤ በላይ ሆኗል። እምቡጡ ብዙ ነው፤ ነገር ግን ሳይፈካ ይረግፋል። ማታ ማታ ውሃ አጠጣዋለሁ፤ ዩሪያም ጨምሬለታለሁ። ምን ሆኖ ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ ደብዳቤዎ አጭር ቢሆንም አንድ ቁም ነገር ነግሮኛል። በብርድ እስከ መሬት ደርቆ፣ ሲሞቅ ከሥሩ ተነሥቶ ወገብ የሚያልፈው ሂቢስከስ ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ የሚያብረቀርቀው የሞቃት አገር ዝርያ ሳይሆን ሥሩ ውርጭ የሚቋቋመው ዓይነት ሳይሆን አይቀርም። የዚህ ተክል የዱር ወገኖች የሚበቅሉት በምሥራቃዊ ሰሜን አሜሪካ ረግረጎችና የወንዝ ዳርቻዎች ነው። እግሩ እርጥብ ሆኖ የኖረ ተክል ነው። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሜ የምጠረጥረው የውሃ ጥምን ነው።

በየማታው እያጠጡት እንዴት ይጠማል እንደሚሉ አውቃለሁ። ችግሩ ያለው እዚያው ላይ ነው። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት የሚረጭ ውሃ የላይኛውን አፈር ብቻ አርሶ ይተንናል፤ ሥሩ ወዳለበት አይወርድም። ተክሉ ደግሞ ቅጠሉ ሰፋፊ ስለሆነ በሙቀት ጊዜ ብዙ ውሃ ያስወጣል። የሚስበው ሲያጥረው ቅጠሉን ከመጣሉ በፊት እምቡጡን ይጥላል። ጥላ ነው እንዳልል፣ ፀሐይ ያነሰው ሂቢስከስ መጀመሪያውኑ ይህን ያህል እምቡጥ አይቋጥርም።

ዛሬውኑ ያረጋግጡ። ከግንዱ አንድ ክንድ ራቅ ብለው ቀጭን እንጨት 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ አፈሩ ይስደዱ። እንጨቱ አልገባ ካለ፣ ወይም ገብቶ ደረቅና ንጹሕ ሆኖ ከወጣ ጥርጣሬዬ ልክ ነው።

መፍትሔው ከጉልበት በቀር ወጪ የለውም። ከግንዱ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀው በዙሪያው 10 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ክብ የአፈር ክትር ይሥሩ። ሲሠሩ ከክትሩ ውጭ ያለውን አፈር ይጠቀሙ፤ ከውስጥ ከቆፈሩ ሥሩን ይቆርጡታል። ከዚያ 20 ሊትር ውሃ በቀስታ ያፍስሱ፤ ግማሹን አፍስሰው እስኪሰርግ ይጠብቁና የቀረውን ይጨምሩ። የደረቀ አፈር መጀመሪያ ላይ ውሃ አልቀበል ስለሚል በዚህ አትቸኩሉ የምለው ለሁሉም አንባቢ ነው። ሙቀት በበረታበት ወቅት በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በማለዳ፣ እንዲህ ቢያጠጡት ከሰባት ቀን ርጭት ይበልጣል። አፈርዎ አሸዋማ ከሆነ ሦስት ጊዜ ያድርጉት። በየመካከሉ ያችን እንጨት እየሰደዱ መፈተሽን አይተዉ።

ውሃው ከሰረገ በኋላ ከክትሩ ውስጥ ያለውን አፈር በደረቅ ሣር፣ በገለባ ወይም በወዳደቀ ቅጠል ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይጎዝጉዙት። ጉዝጓዙ ግንዱን እንዳይነካ አራት ጣት ያህል ክፍተት ይተዉ፤ አለበለዚያ ግንዱ ሊበሰብስ ይችላል። ብዙ ሰው ውሃውን አጠጥቶ ጉዝጓዙን ይረሳል፤ ፀሐዩም ያን ሁሉ ድካም በሁለት ቀን ይወስደዋል።

ስለ ዩሪያው ግን ልቆጣዎት ነው። አበባ እምቢ ባለ ቁጥር ማዳበሪያ መጨመር ደጋግሜ የማየው ልማድ ነው፤ ባየሁት ቁጥርም ያሳዝነኛል። ዩሪያ ናይትሮጅን ነው፤ ቅጠል ያበዛል። የበዛው ቅጠል የበለጠ ውሃ ይጠይቃል፤ በደረቅ አፈር ላይ ሲጨመር ደግሞ ሥሩን ያቃጥላል። ለዚህ ወቅት ያቁሙት። በሚቀጥለው ዕድገቱ መጀመሪያ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት ይበቃዋል።

አንድ ነገር ግን ለይተው ይዩልኝ። የዚህ ተክል አበባ ዕድሜው አንድ ቀን ነው፤ ከፈካ በኋላ ተጠቅልሎ ሲወድቅ ያልፈካ እምቡጥ ይመስላል። መሬት ላይ ያገኙት ትልቅ፣ ለስላሳና የተጠቀለለ ከሆነ ሥራውን ጨርሶ የወደቀ አበባ ነው፤ አያስጨንቅዎት። ትንሽ፣ ጠንካራ፣ አረንጓዴ ወይም ቢጫ ከሆነ ያለጊዜው የረገፈ እምቡጥ ነው።

አሁን ቢጫ የሆኑት እምቡጦች አይድኑም፤ በእነሱ አይፍረዱ። ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይተው አዲስ የሚቋጠሩትን ይከታተሉ። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ እነሱም ከረገፉ፣ ከወደቁት ጥቂቱን በቢላ ሰንጥቀው ውስጣቸውን ይመልከቱ። ትል ካገኙ ጉዳዩ ከውሃ ወደ ተባይ ዞሯል፤ የወደቁትን እየለቀሙ ከጓሮው ያርቁና ያዩትን ጽፈው ይላኩልኝ።