ጥያቄ፦ ከልጅነቴ ጀምሮ የምወደው ብስክሌት ጉልበቴን ከፊት በኩል እያሳመመኝ ነው፤ ልተወው?

መልስ፦ አይተዉት! መጀመሪያ ኮርቻውን ይመልከቱ። ዝቅ ካለ ጉልበትዎ ከመጠን በላይ ታጥፎ ስለሚገፋ ጫናው የጉልበትዎ ሎሚ (ከፊት ያለው ክብ አጥንት) ላይ ያርፋል።

1. ግድግዳ ተደግፈው ኮርቻው ላይ ይቀመጡ፤ ፔዳሉን እስከ ታች አውርደው ተረከዝዎን ያሳርፉበት። እግርዎ ቀጥ ካላለ ኮርቻው ዝቅ ብሏል።

2. በየጊዜው 5 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ከፍ እያደረጉ ጥቂት ቀን ይንዱ። ሲነዱ የሚረግጡት በእግርዎ የፊት ክፍል ስለሆነ ጉልበትዎ በትንሹ እንደታጠፈ ይቀራል፤ ትክክለኛው እሱ ነው።

3. ዳገት ላይ ቀላል ማርሽ።

በብዙ ነጂዎች ላይ ያየሁት ችግር ግን አለ፤ ለውጡ ደስ ሲላቸው ኮርቻውን አብዝተው ይሰቅሉታል። ዳሌዎ ግራና ቀኝ ከተወዛወዘ፣ ወይም ሕመሙ ወደ ጉልበትዎ ጀርባ ከዞረ፣ ወዲያውኑ ዝቅ ያድርጉት። ጉልበትዎ ካበጠ ግን ሐኪም ሳያየው አይንዱ።