ለማርቆሱ ሰርግ አዲስ ቀሚስ አትግዢ

«ለደብረ ማርቆስ ሰርግ በትንሽ ብር ምን ልልበስ፣ ለመንገዱስ ምን ልያዝ?» ላልሽው፦ ያለሽን ነጭ ቀሚስ ይዘሽ ሂጂ፤ ብርሽን ነጠላ ላይ አውይው። ሰርግ ላይ ዓይን የሚያርፈው ጥለቱ ላይ ነው። የነጠላሽና የቀሚስሽ ቀለም ከተስማማ ቀሚሱ የአምና ይሁን የካቻምና ማንም አይጠይቅሽም።

ነጠላውን እዚያው ግዢ። ሱቅ ከመግባትሽ በፊት ግን ሸማኔ ፈልጊና ዋጋ ጠይቂ።

ለመንገዱ ደራርበሽ ልበሺ። ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሌሊት ስትነሺ ሱሉልታ ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ዓባይ በረሃ ስትወርጂ ላብ በላብ ነሽ። ደጀንን አልፈሽ ማርቆስ ስትገቢ ደግሞ፣ ከ2,400 ሜትር በላይ ነውና፣ እንደገና ብርድ። ከሰልባጅ ተራ አንድ ሹራብ ይበቃሻል። ጋቢ ካለሽ ብርድ ልብስም ትራስም ይሆንሻል፤ ብቻ ጣሪያ ላይ ከሚጫነው ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቺው። እኔ ከትቼው ሱሉልታን እየተንቀጠቀጥኩ አልፌያለሁ።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ። አንዴ «ንጹሕ ፈትል ነው» ተብዬ የገዛሁት ነጠላ ገና በመጀመሪያው አጠባ ጥለቱ ለቆ ነጩን ሮዝ አደረገው። ስለዚህ ከመክፈልሽ በፊት መሐረብ አርጥቢና ጥለቱን እሺው። ከጫፉም አንድ ክር አስመዝዢና በክብሪት ለኩሺው፦ ጥጥ እንደ ወረቀት ነዶ አመድ ይሆናል፣ ሰው ሠራሽ ክር ግን ቀልጦ ይድቦለቦላል። ሻጩ ፊቱን ያጠቁር ይሆናል። ያጥቁር።