ማኪያቶው ለምን እኔን ብቻ?

ጥያቄ፦ ማኪያቶ ጠጥቼ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሆዴ ይነፋል፣ ይጮሃል። እናትና አባቴ ግን ወተት እንደ ውሃ ነው የሚጠጡት፣ ወንድሜም እንደዚያው። እኔ ከማን አመጣሁት? ትንሽ ትንሽ እየጠጣሁ ብለምድስ፣ ወደፊት ለምወልዳቸው ልጆች ይተላለፋል? (አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁለቱም ነው ያመጣሽው። ሕፃን ሳለን የወተቱን ስኳር፣ ላክቶስን፣ የሚፈጭልን ላክቴዝ የሚባል ኢንዛይም ነው። ጡት ከተጣለ በኋላ የአብዛኛው የዓለም ሕዝብ አንጀት ይህን ኢንዛይም ማምረት ይቀንሳል። ያልተፈጨው ላክቶስ ትልቁ አንጀት ይወርድና ባክቴሪያዎች ያብላሉታል፣ ጋዙም ጩኸቱም ከዚያ ነው። ስለዚህ በሽተኛ አይደለሽም፤ እንዲያውም የጥንቱ ሰው አንቺ ነሽ፣ የተለወጡት እነሱ ናቸው።

የተለወጠው አንዲት የዲኤንኤ ፊደል ናት፤ እሷ ስትቀየር ላክቴዝ ካደግን በኋላም መመረቱን ይቀጥላል። እያንዳንዳችን ከእናት አንድ፣ ከአባት አንድ ቅጂ እንወስዳለን፤ የተለወጠው ቅጂ፣ ማለትም አሊሉ፣ አንዱ ብቻ ቢኖርሽ ወተት ለመጠጣት ይበቃል። ወላጆችሽ አንድ አንድ ይዘው ይሆናል፤ እንዲህ ከሆነ ሁለቱንም ያልተለወጠውን የመውሰድ ዕድልሽ ከ4 አንድ ነበር፣ ደረሰሽ።

ለዚህ ነው ቆጠራው ሰው የሚያታልለው። በአንድ መንደር ካሉት ቅጂዎች 10 በመቶው ብቻ የተለወጡ ቢሆኑ፣ ወተት የሚስማማው ከ100 ሰው 10ሩ ሳይሆን 19ኙ ነው፤ ሁለቱንም ያልተለወጠ የሚወስዱት 81ዱ (0.9 × 0.9) ብቻ ናቸውና።

ልማዱን በተመለከተ፣ የአንጀትሽ ባክቴሪያዎች ሊለምዱልሽ ይችላሉ፣ ዲኤንኤሽ ግን አይለምድም። ለልጅ የሚተላለፈው ደግሞ እሱ ነው። ወተት ጠጪነት የተስፋፋው ሰው ስለለመደ አይደለም። ፊደሏ በአጋጣሚ ተቀየረች፤ ከዚያ ከብትና ግመል በሚያረቡ ሰዎች ዘንድ አሊሉን የያዙት ብዙ ልጅ ለወግ ለማዕረግ አበቁ። ምናልባት በድርቅ ጊዜ ወተት ስላዳናቸው ይሆናል፣ በምክንያቱ ሳይንቲስቶች ዛሬም ይከራከራሉ። ፊትነስ የሚሉትም ይኸው ነው፤ ጂም ቤት የሚገነባ ጡንቻ አይደለም፣ የሚቆጠረው ልጅ ነው። ከብት በሌለበት አገር ያው አሊል ምንም አይጠቅምም፤ ቢበዛም ቢጠፋም የዕጣ ጉዳይ ነው፣ በተለይ ሕዝቡ ጥቂት ከሆነ።

እኔን የሚገርመኝ፣ ይህ የሆነው አንዴ ብቻ አለመሆኑ ነው። በሰሜን አውሮፓ የተቀየረችው ፊደል ሌላ፣ በኬንያና በታንዛኒያ ሌላ፣ በዓረብ አገር ሌላ። በእኛ አገር ደግሞ በአንድ ሕዝብ ውስጥ ብዙ ዓይነት ተቀላቅሎ ይገኛል፤ ሰው ሲሰደድና ሲጋባ አሊሉም አብሮ ይሄዳላ።

የልጆችሽ ነገር እንግዲህ በአባታቸው እጅ ነው። ሁለቱም ቅጂ የተለወጠ ከሆነ ሁሉም ይጠጣሉ፤ አንድ ብቻ ካለው እያንዳንዱ ልጅ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። እስከዚያው እርጎ ሞክሪ፣ ከላክቶሱ ከፊሉን የእርጎው ባክቴሪያዎች ቀድመው በልተውልሻል።