አፍተርበርነር ሲያስቸግር፦ የባሕር ዳር ጠያቂዎቻችንና መልሶቻችን

የዛሬዎቹ ጥያቄዎች ሁሉም ስለ ኤምኤስአይ አፍተርበርነር ናቸው። ይህ ፕሮግራም የግራፊክስ ካርድን ከፋብሪካው ፍጥነት በላይ ለማስኬድ፣ ማለትም ኦቨርክሎክ ለማድረግ፣ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ነው። ጠያቂዎቹ ጥፋቱን በፕሮግራሙ ላይ ጥለዋል፤ እኛ ግን በአብዛኛው ሙቀትና መብራት ነው ብለን እናምናለን።

«አርቲኤክስ 3060 ካርዴ ላይ ዩቲዩብ ላይ ያየሁትን ቁጥር እንዳለ አስገባሁ፤ ኮር +150፣ ሜሞሪ +1000። ጌም በከፈትኩ በ10 ደቂቃው ስክሪኑ ይጠቁርና ጌሙ ይዘጋል። ሰውየው ጋ ግን ምንም አልሆነም።» ከፔዳ ግቢ

ስክሪኑ ጠቁሮ የሚመለሰው ካርዱ ለ2 ሰከንድ መልስ ሳይሰጥ ሲቀር ዊንዶውስ ድራይቨሩን፣ ማለትም ካርዱን የሚያዘውን ሶፍትዌር፣ እንደገና ስለሚያስነሳው ነው። ኢቨንት ቪዩወር (የዊንዶውስ የክስተት መዝገብ) ውስጥ «ሲስተም» የሚለውን ይክፈቱ፤ በዚያች ደቂቃ 4101 የሚል ቁጥር ካገኙ ነገሩ ይኸው ነው።

የሰውየው ቁጥር ለእርስዎ ካርድ አይሠራም። አንድ ሞዴል የሆኑ ሁለት ካርዶች እንኳ ቺፓቸው እኩል አይችልም። በዚያ ላይ ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ አየሩ ባሕር ጠረፍ ካለው ወደ አንድ አምስተኛ የሚጠጋ ይሳሳል። ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢዞርም ሙቀት ተሸክሞ የሚወጣው አየር ያነሰ ነው፤ ስለዚህ ካርዱ ጥቂት ዲግሪ ጨምሮ ይግላል። ጌሙ ወዲያው ሳይሆን ከ10 ደቂቃ በኋላ መውደቁም ወደ ሙቀት ያመለክታል፤ ቺፕ ሲግል ቀዝቃዛ ሳለ የቻለውን ፍጥነት መሸከም ያቅተዋል።

መጀመሪያ የ«ሪሴት» ምልክቷን ተጭነው ሁሉንም ወደ ፋብሪካው ይመልሱ፤ በዚያ 20 ደቂቃ ይጫወቱ። በፋብሪካው ፍጥነትም ከወደቀ ኦቨርክሎክን ይርሱትና አቧራውን፣ ድራይቨሩንና ፓወር ሰፕላዩን (ለኮምፒውተሩ ክፍሎች ኃይል የሚያከፋፍለውን ሣጥን) ይመርምሩ። ካልወደቀ ኮሩን (የዋናውን ቺፕ ፍጥነት) ብቻ በ25 በ25 ሜጋኸርዝ ይጨምሩ፤ በእያንዳንዱ እርከን ቢያንስ 15 ደቂቃ ከባድ ጌም ይክፈቱበት። የወደቀበት ላይ ሲደርሱ 30 ያህል ይቀንሱና ይተዉት። ሜሞሪውን የሚነኩት ከዚያ ወዲያ ነው፤ በ100 በ100። ሁለቱን አንድ ላይ ከፍ ካደረጉ የትኛው እንደጣለዎት መለየት አይችሉም።

ፈተናውን ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ያድርጉት፤ በተለይ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ሙቀት፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከሆነ። ሌሊት የጸና ቁጥር በዚያ ሰዓት ብዙ ጊዜ ይወድቃል።

«ያገለገለ 3080 ገዝቼ ፓወር ሊሚቱን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግሁ። ምሽት ላይ ኮምፒውተሩ ጭልም ብሎ ይጠፋና ራሱ ይነሳል። ሰማያዊ ስክሪን የለም፣ የስህተት ጽሑፍ የለም። ፓወር ሰፕላዬ 600 ዋት ነው፤ ስታቢላይዘርም አለኝ።» ከሽምብጥ

ኦቨርክሎክ ሲበዛ አብዛኛውን ጊዜ ጌሙ ይዘጋል፣ ምስሉ ይበላሻል፣ ወይም ስክሪኑ ይጠቁራል። ማሽኑ በአንድ ጊዜ እልም ብሎ ሲጠፋ ግን ጣታችን ወደ ፓወር ሰፕላይ ነው። ኢቨንት ቪዩወር ላይ የሚያዩት 41 ቁጥር ኮምፒውተሩ በሥርዓት ሳይዘጋ መጥፋቱን እንጂ ምክንያቱን አይነግርዎትም።

3080 በፋብሪካው መጠን 320 ዋት ይስባል፤ ኤንቪዲያም 750 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይመክርለታል። አማካዩ 320 ይሁን እንጂ በሚሊሰከንድ ውስጥ ከዚያ በብዙ ዘሎ ይወርዳል፤ በ600 ዋቱ ውስጥ ያለው መከላከያ ዝላዩን አይቶ ራሱን ያጠፋል። ፓወር ሊሚቱን፣ ማለትም ካርዱ እንዲስብ የተፈቀደለትን የኃይል ጣሪያ፣ ሲጨምሩ ዝላዩንም ጨመሩት። ምሽት ላይ የሚብሰው ሁሉም ሰው መብራት፣ ምድጃና ምጣድ ስለሚጠቀም የመስመሩ ቮልት ስለሚወርድ ሊሆን ይችላል፤ ፓወር ሰፕላዩ ያንኑ ዋት ለማውጣት ተጨማሪ አምፔር ለመሳብ ይገደዳል። ስታቢላይዘርዎ «ቀጭ» እያለ የሚቀያይር ዓይነት ከሆነም በእያንዳንዷ ቀጭታ ቅጽበታዊ መቋረጥ አለ፤ በልኩ የተጫነ ፓወር ሰፕላይ ያልፈዋል፣ ከአቅሙ በላይ የተጫነው ላያልፈው ይችላል።

ፓወር ሊሚቱን ወደ 80 በመቶ ያውርዱ፤ ይህ 256 ዋት ገደማ ነው። መጥፋቱ ከቆመ ጥፋቱ የፓወር ሰፕላዩ ነው። ኬዙንም ከፍተው ይመልከቱ፤ የካርዱ ሁለት ባለ 8 እግር መሰኪያዎች ከአንድ ገመድ ጫፍ ተከፍለው የመጡ ከሆነ ለየብቻው ሁለት ገመድ ይዘርጉ። አንዱ መሰኪያ በደረጃው 150 ዋት ነው፤ የሁለቱን ሸክም አንድ ገመድ ላይ መጫን ያግለዋል። 600 ዋቱን ይዞ 3080ን ኦቨርክሎክ ማድረግ ግን ጨርሶ አንመክርም።

«3070 ቲአይ ላይ ሜሞሪውን +1200 ሳደርግ አይወድቅም፤ ግን ፍሬም ከበፊቱ ቀነሰ። እንዴት?»

የካርድዎ ሜሞሪ ጂዲዲአር6ኤክስ ነው። መረጃው ሲበላሽበት ከመውደቅ ይልቅ እንደገና ይልከዋል፤ መደጋገሙ ጊዜ ይበላል። «አልወደቀም» ማለት «ደህና ነው» ማለት አይደለም። በ100 በ100 እየቀነሱ በእያንዳንዱ ላይ ያንኑ ቤንችማርክ (የፍጥነት መለኪያ ፈተና) ይለኩ፤ ከፍተኛ ውጤት ያገኙበትን ይያዙ።

«ከዊንዶውስ ጋር እንዲነሳ አድርጌ አፕላይ አልኩት። አሁን ዴስክቶፑ ሲመጣ ወዲያው ፍሪዝ ያደርጋል፤ ፕሮግራሙን ለመክፈት ጊዜ የለኝም።» ከፖሊ ግቢ

በሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ በአስፈላጊ ነገሮች ብቻ በሚነሳበት ሁኔታ) ይግቡ፤ በዚያ የካርዱ ድራይቨር አይነሳም። ዊንዶውስ ሊነሳ ሲል ማብሪያውን ተጭነው በመያዝ ያጥፉት፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲደግሙት የጥገናው ገጽ ይመጣል። ከዚያ ትራብልሹት፣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ፣ ስታርትአፕ ሴቲንግስ፣ ሪስታርት፤ በመጨረሻ 4ን ይጫኑ። ከገቡ በኋላ አፍተርበርነር የተጫነበት ፎልደር ውስጥ «ፕሮፋይልስ» የሚለውን ይክፈቱና በካርዱ መለያ የተሰየመውን ፋይል ያጥፉት። ቁጥሮቹ ያሉት እዚያ ነው። ወደፊት ቁጥሩ ቢያንስ ሳምንት ሳይጸና ያቺን ከዊንዶውስ ጋር የምታስነሳውን ምልክት አይጫኗት።

«ኮር ቮልቴጅ የሚለው ደብዝዞ አይነካም። እንዴት ልክፈተው?»

ሴቲንግ ውስጥ «ጀነራል» ላይ ቮልቴጅ ለመክፈት የተቀመጠውን ሳጥን ምልክት ያድርጉና ፕሮግራሙ እንደገና ይነሳ። ላፕቶፕ ላይ በአብዛኛው ተቆልፎ ይቀራል።

ግን እንደ እኛ ከሆነ ቮልቱን ከፍ ከማድረግ ዝቅ ማድረጉ ይሻልዎታል። ኤንቪዲያ ካርድ ከሆነ ኮንትሮልና ኤፍን ተጭነው የቮልትና የፍጥነት መስመሩን ይክፈቱ። ኮር ክሎኩን ወደ −200 አውርደው፣ 900 ሚሊቮልት ላይ ያለችውን ነጥብ ብቻ ካርድዎ ጌም ላይ ወደሚሄድበት ፍጥነት፣ ለምሳሌ 1,800 ሜጋኸርዝ፣ ጎትተው አፕላይ ይበሉ፤ ከእሷ በስተቀኝ ያሉት ነጥቦች በዚያው ከፍታ ይጋደማሉ። ቺፑ የሚበላው ኃይል ከቮልቱ ካሬ ጋር ስለሚሄድ ከ1,050 ወደ 900 መውረድ በዚያው ፍጥነት ሩብ ያህል ይቀንስለታል። ሙቀቱም፣ የፋኑም ጩኸት፣ በመስመሩ ላይ ያለው ሸክምም አብሮ ይወርዳል። ጌም ከወደቀ 25 ሚሊቮልት ከፍ ያድርጉ።

«አፍተርበርነርን ከጓደኛ ፍላሽ ገለበጥሁ፤ ክራክ አብሮ አለው። ይሠራል?» ከፋሲሎ

ፕሮግራሙ በነጻ የሚሰጥ ነው፤ ክራክ የሚባል ነገር አያስፈልገውም። አብሮት የመጣ ካለ ቫይረስ ነው ብለው ይያዙት። ፍላሹን አይክፈቱ፤ ከፍተውት ከሆነ ማሽኑን ስካን አድርገው የይለፍ ቃሎችዎን ከሌላ ኮምፒውተር ወይም ከስልክ ይቀይሩ። ትክክለኛውን ከኤምኤስአይ የራሱ ድረ ገጽ ያውርዱ።