ማታ ማታ የሚነሳብኝ አምሮት

ጤና ይስጥልኝ፣

47 ዓመቴ ነው፤ የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ባለቤቴ አሳረረኝ። ማታ ወደ ጓዳ ስገባ ከሳሎን ሆኖ «ዛሬም ቅኝት ወጣሽ?» ይለኛል፤ ልጆቹ ይስቃሉ። ባለፈው ጭራሽ እንግዳ በተቀመጠበት «የእኛ ቤት ዳቦ እግር አውጥቷል» አለ። እኔስ ወድጄ ነው? ቀኑን ሙሉ ራሴን እቆጣጠራለሁ፤ ቁርስ ትቻለሁ፣ ምሳዬ ቡና በስኳር ነው። ረቡዕና ዓርብማ ጾም ስለሆነ ይብስ ይቀለኛል። ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን ግን ዳቦ በማር፣ ብስኩት፣ የልጆቹ ቸኮላት፣ ያገኘሁትን ነው። ሁሉም ካለቀ ከፍሪጅ በረዶ አውጥቼ እቆረጥማለሁ፤ እሱ እንኳ አያወፍርም። ዝናብ ሲያባራ የአፈሩ ሽታ ሳይቀር እንደ እርጉዝ ምራቄን ያመጣዋል። ሌሊት በላብ ተጠምቄ እነቃለሁ። የወር አበባዬም ተዘበራርቋል፤ ሲመጣ በብዛት ይፈሳል፣ ከሳምንትም ያልፋል፤ ዕድሜ ነው ብዬ ተውኩት። እሱ ግን ሆዳምነት ነው ባይ ነው። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ የምግብ ፍላጎት የሚዘጋ ክኒን ከዱባይ ታስመጣለች፤ ልጀምረው ይሆን?

ከገርጂ

መልስ

እህቴ፣ ክኒኑን አትንኪው። ውስጡ ምን እንዳለ የምትሸጥልሽም አታውቀውም።

እኔን ያስደነገጠኝ እንደ ቀልድ ያለፍሽው በረዶ ነው። ደም በብዛት የሚፈሳት ሴት በረዶ ስትቆረጥምና አፈር ሲያምራት መጀመሪያ የሚጠረጠረው የአይረን (ደም ለመሥራት የሚያስፈልገው የብረት ማዕድን) እጥረት ነው። ይህ ሆዳምነት አይደለም። በዚህ ሳምንት የደም ማነስን የሚያሳየውን ሄሞግሎቢንና የአይረን ክምችትን የሚያሳየውን ፌሪቲን በደም ተመርመሪ። ሄሞግሎቢኑ ደህና ነው ቢሉሽ በዚያ ብቻ አትመለሺ፤ ሰውነት ያከማቸው አይረን ቀድሞ ስለሚያልቅ ቶሎ የሚያሳብቀው ፌሪቲኑ ነው። እጥረቱ ከተገኘና ከታከምሽ የበረዶው አምሮት አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይጠፋል።

«ዕድሜ ነው ብዬ ተውኩት» ማለትሽ ግን አናዶኛል። ከ45 ዓመት በኋላ እንዲህ የሚፈስ ደም የማህፀን ሐኪም ሳያየው አይታለፍም። ማዮማ (ካንሰር ያልሆነ የማህፀን ዕጢ) ሊሆን ይችላል፣ ሌላም ሊሆን ይችላል፤ ታይቶ ነው የሚታወቀው።

የዳቦው ነገር ሌላ ነው። በዚህ ዕድሜ ሆርሞኑ ከፍ ዝቅ ሲል ላቡ እንቅልፍ ይነሳል፤ እንቅልፍ ያጣ ሰውነት ደግሞ በማግስቱ ረሃቡ ይጨምራል፣ ጣፋጭ ጣፋጩን ይላል። በዚያ ላይ አንቺ ቁርስና ምሳ ከልክለሽዋል። ማታ 3 ሰዓት ላይ የቀኑን ዕዳ ቢጠይቅሽ ምን ይገርማል? ጠዋት እንቁላል ብዪ፣ ምሳ ሽሮም ሆነ ምስር በእንጀራ። ጾሙን አፍርሺ አላልኩሽም፤ ስትፈቺ ግን በሻይና በዳቦ አትፍቺ፣ ክኩን፣ ምስሩን፣ ጎመኑን አስቀድሚ። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጡ አይረኑ ወደ ሰውነት በደንብ እንዳይገባ ያደርጋሉ፤ ከበላሽ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቆዪ። (ከምሳ በኋላ ወዲያው የምትፈላ ቡና እንዴት እንደምትጥም ለእኔ አትንገሪኝ።) ሰላጣሽ ላይ ሎሚ ጨምቂበት፤ አይረኑን ያግዘዋል።

ለባለቤትሽ ይህን ደብዳቤ አስነብቢው። የዳቦ ቁራሽ የሚቆጥርበት ጊዜ ካለው፣ ሐኪም ቤት ወረፋውን እሱ ይያዝልሽ።