ድመቷ ክንፉ ላይ ተኝታለች፦ የሞዴል ሠሪዎች ጥያቄና መልስ

ስለ ሞዴል ሥራ የሚመጡልን ጥያቄዎች ስለ ቀለም ቅልቅል ወይም ስለ ክንፍ አገጣጠም ይመስሏችኋል? አይደሉም። ስለ ድመት ናቸው። ስለ ውሻ፣ ስለ ምግብ ጠረጴዛ፣ ስለ ተኮሳተረች ሚስት። ሞዴል ስንል ያ በካርቶን ተቆራርጦ የሚመጣው፣ ተለጥፎና ተቀብቶ ትንሽ አውሮፕላን ወይም ታንክ የሚሆነው የፕላስቲክ ነገር ነው፣ ካርቶኑ ከነቁራጮቹ ኪት ይባላል። ከደረሱን ውስጥ አምስቱን መርጠናል።

ጥያቄ፦ የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው፣ ባለ አንድ መኝታ። የኢትዮጵያ አየር መንገድን 787 ድሪምላይነር በ1/144 (ከእውነተኛው 144 ጊዜ ባነሰ ልኬት) እየሠራሁ ነው። የምሠራው ማታ ነው። እኔ ቁጭ ስል ድመታችንም ቁጭ ትላለች፣ እኔ ወንበር ላይ፣ እሷ ክንፉ ላይ። ትንንሾቹን ቁራጮች በእጇ እየመታች ትጥላለች። ነጩን ቀለም ከቀባሁ በኋላ ደግሞ ጠጉሯን ከላዩ ላይ አገኛለሁ። ባለቤቴ "ወይ አውሮፕላኑ ወይ ድመቷ" ብላለች፣ እየሳቀች ነው ግን። ምን ይሻለኛል? (ከሰሚት)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ድመቷን ማባረሩን ተወው፣ አታሸንፍም። ደጋግመህ ባወረድካት ቁጥር ጨዋታ ይመስላታል። ይልቅ ከአውሮፕላኑ የተሻለ ቦታ ስጣት። የኪቱን ካርቶን ካልጣልከው ክዳኑን ገልብጠህ፣ አሮጌ ሹራብ አንጥፈህ ከጎንህ አስቀምጥላት። ድመት ካርቶን አይታ አታልፍም። ሥራ ከመጀመርህ በፊት አብላት፣ ትንሽም አጫውታት፣ ጠግባና ደክሟት ትተኛለች። ይሄ ግማሹን ችግር ይጨርሳል።

የቀረው ግማሽ ያንተ ነው። ጠረጴዛው ላይ በቀጥታ አትሥራ፣ ጠርዙ ከፍ ያለ የሻይ ትሪ ውስጥ ሥራ። ቁራጭ ቢንከባለል ትሪው ይይዘዋል፣ ለቡና ስትጠራም ሥራውን እንዳለ አንስተህ ቁም ሳጥን አናት ላይ ታደርገዋለህ። የባለቤትህን ሽርጥ ከተፈቀደልህ አንገትህ ላይ አንጠልጥለህ የታችኛውን ጫፍ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር በልብስ መቆንጠጫ ያዘው። ከወረንጦ ያመለጠው ሁሉ እሱ ላይ ይወድቃል። መሬት ከደረሰ ደግሞ ቆመህ አትፈልግ። መብራቱን አጥፋና የስልክህን ባትሪ ወለሉ ላይ አጋድመህ አብራ፣ ትንሿ ቁራጭ ረጅም ጥላ ትጥላለች። ምንጣፍ ካለ የቫኪዩሙን አፍ በስቶኪንግ ሸፍነህ ሳብ፣ ቁራጩ ስቶኪንጉ ላይ ይቀራል። ቫኪዩም ከሌለህ ጥረግ፣ ግን የጠረግከውን ትሪ ላይ ዘርግተህ ሳታይ አትጣል። በዓል ሆኖ ቄጠማ ከተጎዘጎዘ ግን በቃ፣ ቄጠማው እስኪነሳ ጠብቅ።

ጠጉሩን በተመለከተ፣ ፕላስቲክ ሲታሽ ኤሌክትሪክ ይይዝና ጠጉርና አቧራ ይስባል። ከመቀባትህ በፊት ቁራጮቹን ለብ ባለ ውኃና በሳህን ሳሙና እጠባቸው፣ በነፋስ ይድረቁ። ቀብተህ እንደጨረስክ ወዲያው ክደነው፣ የኬክ መያዣ ሰፊ የፕላስቲክ ክዳን ለዚህ የተሠራ ነው የሚመስለው። 787-8 ከሆነ በ1/144 ርዝመቱ 39 ሴንቲሜትር፣ ከክንፍ ጫፍ ክንፍ ጫፍ ደግሞ 42 ገደማ ስለሚሆን ተገጣጥሞ ካለቀ ኬክ መያዣ አይበቃውም፣ ስለዚህ አካሉን ለብቻ ክንፉን ለብቻ ቀባ ወይም ትልቅ ካርቶን ገልብጥበት። እርጥብ ቀለም ላይ ጠጉር ካየህ እጅህን ሰብስብ። ልታነሳው ስትሞክር ቀለሙን ታርሰዋለህ። ይድረቅ፣ ከዚያ ቁጥር 2000 ብርጭቆ ወረቀት በውኃ አርሰህ ቀስ ብለህ ፋቀው፣ እንደገና ስስ አድርገህ ቀባ። በነጭ አካል ላይ አንዲት ጥቁር ጠጉር ከጭራው አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ በላይ ዓይን ትስባለች፣ እውነትህን ነው።

ሁለት ነገር ግን ቀልድ የለባቸውም። ዲካል (በውኃ ተነክሮ ሞዴሉ ላይ የሚለጠፈውን ምልክትና ጽሑፍ) የምትነክርበትን ውኃና ብሩሽ የምታጥብበትን ኩባያ ክፍት አትተው፣ ድመት ከራሷ ሳህን ይልቅ ያንተን ብርጭቆ ትመርጣለች። ጠጉሯ ላይ ቀለም ወይም ቲነር ከነካም ልሳ ሳትውጠው በሳሙና እጠባት። ሌላው እሳት ነው። ቡና የሚፈላው እዚያው ክፍል ውስጥ ከሆነ ከሰሉ ሳይጠፋ የቲነር ጠርሙስ አይከፈት፣ ሙጫም ቢሆን። መብራት ሲሄድም ሻማ ለኩሶ ሥራ መቀጠል የለም፣ ጠርሙሶቹን ክደንና ቡናህን ጠጣ። በነገራችን ላይ ከቀለም ሱቅ በሊትር የሚገዛው የላከር ቲነር ፕላስቲኩን ራሱን ይበላል። በሱ ብሩሽ እጠብበት እንጂ ሞዴሉን አትወልውልበት።

ጥያቄ፦ ልጄ 14 ዓመቱ ነው፣ ሞዴል መሥራት ከጀመረ ወዲህ ስልኩን ረስቷል፣ ደስ ብሎኛል። ችግሩ ቡችላችን ነው፣ ላብራዶር ነው፣ ያገኘውን ይበላል። ባለፈው ቁራጮቹ የተያያዙበትን ፍሬም አኝኮ ከፊሉን ዋጠው። ሐኪም አየው፣ ደህና ነው፣ ወጪው ግን ወገቤን ነው ያለኝ። ላስቆመው ወይ? (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ እህቴ፣ ስልኩን ያስረሳውን ነገር አታስቁሚው! ላብራዶር ካልሲም ይበላል፣ ካልሲ መልበስ አላቆማችሁም።

ግን ልጁ የሚበላውንና የማይበላውን ይወቅ። የፕላስቲኩ ስብራት ስለታም ነው፣ በተራ ራጅ ላይም አብዛኛውን ጊዜ አይታይም። ስለዚህ ለሐኪሙ ከራጅ ይልቅ መረጃ ይጠቅመዋል። እያንዳንዱ ቁራጭ ፍሬሙ ላይ ቁጥር አለው፣ የተረፈውን ፍሬምና የመመሪያውን ወረቀት ይዛችሁ ከሄዳችሁ የጎደለው የትኛው እንደሆነ፣ ስንት ሴንቲሜትር እንደሆነ ይታወቃል። ለጠፋው ቁራጭም አትጨነቂ፣ እንደ ታሚያና ሬቬል ያሉት አምራቾች መለዋወጫ ቁራጭ የሚጠየቅበት መንገድ አላቸው።

ሙጫ ከሙጫ ይለያል። ሱፐር ግሉ አፍ ውስጥ ቶሎ ይደርቃል፣ ከንፈርና ምላስ ያጣብቃል። በጣም የሚያስፈራው ግን እርጥበት ሲያገኝ የሚነፋው የፖሊዩሬቴን ሙጫ ነው፣ ለእንጨትና ለቤት ጥገና የሚሸጠው። ውሻ ሆድ ውስጥ አብጦ ይጠነክራል፣ የሚወጣውም ብዙ ጊዜ በቀዶ ጥገና ነው። ለፕላስቲክ ሞዴል ጨርሶ አያስፈልግም፣ ጋራዥ ውስጥ ካለ ከፍ አድርጉት። ውሻው ቲነር ወይም የዘይት ቀለም ከጠጣ ደግሞ ሐኪም ሳያዝ አታስመልሱት፣ ሲወጣ ወደ ሳንባ ከገባ የባሰ ነው። እናንተ ጋ የኤ.ኤስ.ፒ.ሲ.ኤ የእንስሳት መርዝ መቆጣጠሪያ ማዕከል 24 ሰዓት ስልክ ያነሳል፣ ለምክሩ ክፍያ ሊጠይቅ ቢችልም ቁጥሩን ፍሪጁ ላይ ለጥፉት።

አንድ የማይታሰብ ነገር ልጨምር። ከፊት ጎማ ያላቸው አውሮፕላኖች አፍንጫቸው ውስጥ ክብደት ካልገባ በጭራቸው ቁጭ ይላሉ፣ ስለዚህ መመሪያው ይሄን ያህል ግራም ጨምር ይላል። ብዙ ሰው የዓሣ ማጥመጃ እርሳስ ይከታል። እርሳስ ለውሻም ለልጅም መርዝ ነው። ሁለት ሦስት የብረት ዳዶ በሙጫ ይለጥፍበት፣ ሥራውን ይሠራል።

ከዚያ ውጭ፣ በሩ የሚዘጋ ክፍል፣ ክዳን ያለው የቆሻሻ ቅርጫት (ቀለም የነካ የጆሮ ጥጥ ቡችላ ይወዳል)፣ እና የላብራዶር ጅራት የማይደርስበት መደርደሪያ። ቡችላው እስኪያድግ ነው። ላብራዶር መቼ ያድጋል ብለሽ ግን አትጠይቂኝ።

ጥያቄ፦ ከዱባይ ወደ አዲስ አበባ ስመጣ ለወንድሜ ሁለት ኪት፣ ሙጫና ቀለም ልያዝለት? (ከዱባይ)

መልስ፦ ኪቱን አዎ፣ ካርቶኑ እንዳይጨፈለቅ ከልብስ መሃል አድርጊው። የሚቀጣጠል ሙጫ፣ ቲነር፣ ስፕሬይ ቀለም፣ ኢናሜልና ላከር የሚባሉት ቀለሞች ግን በሻንጣም በእጅም አይፈቀድም፣ ይወሰድብሻል። በውኃ የሚሟሟ የማይቀጣጠል አክሪሊክ ቀለም ብዙውን ጊዜ ያልፋል፣ ቢሆንም አየር መንገድሽን አስቀድመሽ ጠይቂ። ለወንድምሽ ከቀለም ይልቅ ጥሩ መቁረጫ ፒንሳና ስስ ብሩሾች ብታመጪለት ይመርቅሻል።

ጥያቄ፦ ጡረታ ወጥቻለሁ። አየር መንገዳችን እ.ኤ.አ. በ1946 ወደ ካይሮ የበረረበትን ሲ-47 በ1/72 ጀምሬያለሁ። ልጆቼ ለልደቴ ኤርብራሽ ገዙልኝ። ቤቴ ውስጥ ሁለት ትንንሽ በቀቀኖች አሉ፣ ሳሎን ውስጥ። ቀለሙ በውኃ የሚሟሟ ስለሆነ ችግር የለውም ይሉኛል። እውነት ነው? ክረምቱ ከባድ ነው፣ መስኮት መክፈት አይቻልም። (ከፍራንክፈርት)

መልስ፦ ጋሼ፣ እውነት አይደለም። በውኃ የሚሟሟ ማለት ሲነፋ አይበንም ማለት አይደለም። ኤርብራሽ ቀለሙን ጭጋግ አድርጎ አየር ላይ ነው የሚበትነው፣ ወፍ ደግሞ አተነፋፈሷ ከኛ የተለየ ነው። ከሳንባዋ ሌላ የአየር ከረጢቶች አሏት፣ ንጹሕ አየር ሳንባዋን ሳያቋርጥ ያልፍበታል። ለመብረር የተሰጣት ይሄ ተሰጥዖ በአየር ያለውን መርዝም ከኛ በበለጠ ፍጥነት ያስገባባታል። እርስዎ ትንሽ ራስዎን ሲያምዎ እሷ ልትሞት ትችላለች።

ስለዚህ ክረምቱን በብሩሽ ያሳልፉት። በውኃ የሚሟሟ አክሪሊክ በሁለት ሦስት ስስ ንብርብር፣ ከወፎቹ ሌላ ክፍል፣ በር ዘግተው። ሲ-47 ደግሞ ለብሩሽ ደግ አውሮፕላን ነው። ክንፉ በ1/72 40 ሴንቲሜትር ይሆናል፣ ብዙ የሚያስጨንቅ ኩርባ የለውም፣ በተፈጥሮው በጭራው ስለሚቆምም የአፍንጫ ክብደት ፍለጋ አያስኬድዎትም። ኤርብራሹ ለፀደይ ይቆይ፣ በረንዳ ላይ፣ ነፋስ በሌለበት ቀን። በክረምትም ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ካሉ ጭሱን በቱቦ ወደ ውጭ የሚያስወጣ የመርጫ ሳጥን ያስፈልጋል። አየሩን በስፖንጅ አጣርቶ እዚያው ክፍል የሚመልሰው አይነት ቀለሙን ይይዛል እንጂ ሽታውን አይዝም። ማስክም እንደዚያው ነው፣ የወረቀቱ ኤፍ.ኤፍ.ፒ 2 ለአቧራና ለብናኝ ነው፣ የላከርን ትነት አያቆምም። ለዚያ የከሰል ማጣሪያ ያለው ማስክ ነው፣ ወፎቹ ግን ማስክ የላቸውም። የልጆችዎን ስጦታ እስከ ፀደይ ሳጥኑ ውስጥ ቢያስቀምጡት አይቀየሙም።

ጥያቄ፦ ባሌ የምግብ ጠረጴዛችን ላይ ታንክ እየሠራ ነው። እኛ ሶፋ ላይ ነው የምንበላው። ከአልጋው ሥር ያልተከፈቱ ካርቶኖች አሉ፣ ሃያ ሁለት ቆጠርኩ። አሁን ደግሞ ያለቀውን ቡፌ ውስጥ፣ ከብርጭቆዎቼ ጋር ላስቀምጥ ብሏል። ፍረዱኝ። (ከአዳማ)

መልስ፦ በጠረጴዛው ጉዳይ ፍርዱ ላንቺ ነው። በ1/35 አንድ ቲ-34-85 ከነመድፉ 23 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፣ ለዚህ የስድስት ሰው ጠረጴዛ አያስፈልግም። (ይሄ 1/35 የሚባለው እንግዳ ልኬት የመጣው እንኳ ከቦታ ጥበት ነው ይባላል። ታሚያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ የመጀመሪያውን ታንክ ሲሠራ ሞተሩና ባትሪው ውስጡ እንዲገቡ ነው መጠኑን የወሰነው።) ለሰሚቱ ወንድማችን ያልኩትን ትሪ ይግዛ፣ ምሳ ሲደርስ ከነታንኩ ይነሳ። ፈረንጆቹ ጥግ ላይ ለብቻው የሥራ ጠረጴዛ ይላሉ፣ እኛ ቤት ጥግ የለም።

በቡፌው ግን ከሱ ጋር ነኝ። በአዳማ አቧራ ለሞዴል መስታወት ካለው ቡፌ የተሻለ ቦታ የለም፣ ውጭ ከተቀመጠ በየሳምንቱ መጥረግ ሊኖርብሽ ነው፣ ስትጠርጊም አንቴናው ይሰበራል፣ ከዚያ ጠቡ ሌላ ነው። የላይኛውን ደርብ ስጪው። አንድ ደርብ ብቻ፣ ሲሞላ አሮጌውን አውጥቶ አዲሱን ያስገባል። ፀሐይ በቀጥታ የማይመታው ጎን ይሁን፣ ዲካሉ ቢጫ ይሆናል።

ስለ ሃያ ሁለቱ ካርቶን፣ የምታስጥይው እንዳይመስልሽ፣ ይሄ በሽታ በዓለም ዙሪያ ያለ ነው። የሚሠራ ስምምነት ግን አለ፣ አንድ ሳይጨርስ አንድ አይገዛም። በዓል ሲደርስ ደግሞ ጠረጴዛው ከዋዜማው በፊት ባዶ ይሁን፣ እዚህ ላይ ድርድር የለም፣ ይቺን መስመር ጮክ ብለሽ አንብቢለት።