ጎንደር ላይ ብየዳ ቤት ለምትከፍቱ፦ ከማሽኑ በፊት ምድጃውን ላኩ

ከውጭ አገር ሆናችሁ የእንፋሎት ቧንቧና የቦይለር (ውኃ አፍልቶ እንፋሎት የሚያወጣ ጋን) ሥራ ልትይዙ ካሰባችሁ፣ ከውድ ኢንቨርተር (የብየዳ ማሽን) በፊት የኤሌክትሮድ (የብየዳ ዘንግ) ማድረቂያ ምድጃና የሙቀት መለኪያ ጠመኔ (ብረቱ የተጻፈበት ሙቀት ላይ ሲደርስ የሚቀልጥ) ወደ አገር ላኩ። ክሮምና ሞሊብዲነም ያለበት ሙቀት ቻይ ብረት ሲበየድ ያምራል። ስንጥቁ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ አንዳንዴም በሁለተኛው ቀን ነው የሚመጣው። ሦስት ነገር ሲገናኝ ይሰነጠቃል፦ ሃይድሮጅን፣ ቶሎ በመቀዝቀዝ የደነደነ ብረትና መገጣጠሚያውን የሚወጥር ኃይል።

ሃይድሮጅን የሚገባው ከእርጥበት፣ ከቅባትና ከዝገት ነው። በጎንደር ክረምት ተከፍቶ ያደረ ፓኬት ጤነኛ ቢመስልም ውኃ ጠጥቷል። ኤሌክትሮዱን ከ300 እስከ 350 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ1 ወይም 2 ሰዓት አድርቁ፤ ፓኬቱ ላይ ሌላ ከተጻፈ እሱ ይቀድማል። ከዚያ ከ100 ዲግሪ በላይ በሚሞቅ ሣጥን ያዙትና ጥቂት ጥቂት እያወጣችሁ በይዱ። ፒ22 ለሚባለው የክሮምና ሞሊብዲነም ብረት ቧንቧ ኢ9018-ቢ3 የተባለው ኤሌክትሮድ ይሆናል። «በስቴንለስ ኤሌክትሮድ ከበየድን ማሞቅ አያስፈልግም» የሚላችሁን አትስሙ፤ ሁለቱ ብረቶች ሲሞቁ የሚሰፉበት መጠን ስለሚለያይ ቦይለሩ በሞቀና በቀዘቀዘ ቁጥር መገጣጠሚያው ይጎዳል።

ፒ22 ከ200 ዲግሪ በታች እያለ አርክ (የብየዳው የኤሌክትሪክ ብልጭታ) አይነካው፤ ቧንቧዎቹን ለጊዜው ለሚያያይዘው ነጥብ ብየዳም ቢሆን። ከመስመሩ ግራና ቀኝ ቢያንስ 75 ሚሊ ሜትር አሙቁ። ነበልባሉ መጀመሪያ ሲያርፍበት ብረቱ ያልበዋል፤ ያ ላብ ውኃ ነው፣ እስኪደርቅ ጠብቁ። ጠብታ ውኃ ቸስ ስላለ ግን በቃ አትበሉ። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ውኃ ከ100 ዲግሪ በታች ይፈላል፤ ከ200 ገና ሩቅ ናችሁ። ጠመኔው ሲቀልጥ ነው የሚታመነው።

መብራት ከሄደ ትልቁ አደጋ የመጀመሪያው ንብርብር ብቻ ተበይዶ ሲቀር ነው፤ ቀጭን ስለሆነ ውጥረቱን አይችልም። የጋዝ ማሞቂያ አጠገባችሁ ይኑር፣ ሙቀት መያዣ ብርድ ልብስም አልብሱት። ሲያልቅም ሳይቀዘቅዝ በ300 ዲግሪ አካባቢ ለ2 ሰዓት አቆዩት፤ ሃይድሮጅኑ የሚወጣው ያኔ ነው። በ700 ዲግሪ አካባቢ የሚደረገው ውጥረት ማርገቢያ በብየዳ ሰነዱ (የሥራው አሠራር በተጻፈበት) መሠረት ይከተላል።

ፍተሻው ከ48 ሰዓት በኋላ ይሁን። ስንጥቅ ውስጥ የሚሰርገው የፍተሻ ቀለም የሚያሳየው እስከ ላይ የወጣውን ስንጥቅ ብቻ ነው፤ ለውስጡ አልትራሳውንድ (በድምፅ ሞገድ የሚደረግ ፍተሻ) ያስፈልጋል። ደንበኛው «ነገ ላስነሣው» እንዳይላችሁ ሁለቱን ቀን ከመጀመሪያው ውሉ ላይ ጻፏቸው።